ፉትቦል ሌላ ነው

ቢሮአችን ውስጥ፣ ከቁልፍ ሣጥኑ አጠገብ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል የእኛ የፓርኪንግ ካሸሮቹ ስም አለበት። በየሲዝኑ ማን ስንት እንዳስገባ፣ ማን ስንት ቀን ሾርት እንደወጣ (ሒሳቡ እንደጎደለበት) ይደመርና ከአንድ እስከ ሰባት ደረጃ ይሰጠናል። በግራ በኩል የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች አሉ። ቡድኖች ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ቡድኑ አንድ ነው፣ አሠልጣኙም አንድ ነበር፣ ኒክ ሴባን። የያኔው ሱፐርቫይዘራችን ግን የእያንዳንዱን ዓመት ቡድን ራሱን እንደቻለ ሰው ነበር የሚቆጥረው። ዋንጫ የበሉትን ከላይ እስከ ታች በቀይ ማርከር ደርድሯቸዋል። እኛ በጥቁር ነን።

ፓርኪንጋችን አትላንታ ዳውንታውን ነው፣ ከስታዲየሙ በእግር የሚደረስ። እዚህ ከተማ የአላባማ ደጋፊ መሆን ጊዮርጊሶች መሀል የቡናን ማልያ ለብሶ እንደመቀመጥ ነው። ሰውዬው ግን ግድ አልነበረውም። ቀይ ኮፍያውን አድርጎ የአገሩን ቡድን የጆርጂያን ደጋፊዎች መኪና ራሱ ነበር የሚያስገባው።

እኔ ይህን ጨዋታ ያወቅሁት በዲቪ በመጣሁበት ዓመት ነው፣ በ2011። የማታ ሺፍት ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ቡዙ (ካሸር የሚቀመጥባት ክፍል) ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረቻቸው። ኖቬምበር 5 ማታ አላባማ በሜዳው ከኤልኤስዩ (ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ጋር ገጠመ። ሲያልቅ ኤልኤስዩ 9፣ አላባማ 6 ይላል። «ጋሼ፣ 15 ጎል!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንድም አልገባም እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ታችዳውን የሚባለው፣ ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር አልፎ መግባት፣ አልነበረም። ሁሉም በእግር የተመታ፣ በሦስት በሦስት የሚቆጠር ፊልድ ጎል ነው። አላባማ ደግሞ አራቱን ስቷል። መደበኛው ሰዓት 6 ለ 6 አልቆ በትርፍ ሰዓት ተሸነፉ። ጃንዋሪ ላይ እነዚያው ሁለት ቡድኖች ኒው ኦርሊንስ ላይ ለዋንጫ ተገናኙ። 21 ለ 0። ኤልኤስዩ የሜዳውን አጋማሽ የተሻገረው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም በአራተኛው ሩብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ፉትቦል ማለት መከላከል ነው። ሰው ሲያስገባ ማየት አያስደስተኝም፣ ሰው ሲያጣ ነው። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ስለ ጠባዬ ብዙ ገብቷታል።)

ሱፐርቫይዘሩ ጋር የተግባባነው በዚህ ነው። የተጋጨነውም በዚህ ነው። እሱ 2009ን ያስቀድማል፣ 14 ጨዋታ 14 ድል ነውና። እኔ 2011ን። አንዴ ተሸንፏል ይለኛል። አዎ፣ በ3 ነጥብ፣ በትርፍ ሰዓት እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ቅዳሜ አለፈ።

የ2017ቱ ቡድን ላይ ግን አንለያይም ነበር። ዋንጫ ከበሉት በደረጃ መጨረሻው እሱ ነው። በኦበርን ተሸንፎ፣ ለምድቡ ፍጻሜ እንኳ ሳይደርስ፣ ለዋንጫ ከሚጫወቱት አራት ቡድኖች አራተኛ ተብሎ ገባ። ፍጻሜው እዚሁ አትላንታ ነበር፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2018፣ ያውም ከጆርጂያ ጋር። ዝናብ ነበር። ትራምፕም መጥቶ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። እኔ ቡዝ ውስጥ ሆኜ ብር እቆጥራለሁ። እረፍት ላይ ጆርጂያ 13 ለ 0 ይመራል። ሴባን ሲያስጀምር የኖረውን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውን) አስቀምጦ ቱዋ ታጎቫይሎአ የሚባል የአንደኛ ዓመት ልጅ አስገባ። በትርፍ ሰዓት ልጁ በ41 ያርድ ውርወራ ጨረሰው፣ 26 ለ 23። እኔ ያየሁት ነገር የለም። የሱፐርቫይዘሩን ጩኸት ከሦስተኛ ፎቅ ሰማሁ እንጂ። ቀጥሎ የጆርጂያ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ቲፕማ እርሱት።

በዚያ ሲዝን ግን በቀኝ በኩል አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። በግራ የመጨረሻው ቡድን፣ በቀኝ የመጀመሪያው እኔ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ልኬላታለሁ። «ምን ሆነህ ነው አንደኛ የወጣኸው?» አለችኝ። መኪና አስገብቼ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ከዚያ 2020 መጣ።

የዚያን ዓመት ዳውንታውን ያላየ ሰው አይገባውም። ቢሮዎቹ ተዘጉ። ኮንሰርት የለም። ወርሃዊ ደንበኞች ካርዳቸውን እየመለሱ ሄዱ። ከሰባታችን ሦስት ቀረን። አንዳንድ ቀን በስምንት ሰዓት ውስጥ አራት መኪና አስገባ ነበር፣ አንዱ ራሱ መንገድ ጠፍቶት የገባ። ኦክቶበር ላይ እኔም ኮቪድ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ቤቴ ተኛሁ። ሌላ ጊዜ እዚሁ አትላንታ የሚደረገው የምድቡ ፍጻሜ የዓመቱ ትልቅ ገበያችን ነው። ዲሴምበር ላይ አላባማ ፍሎሪዳን 52 ለ 46 ሲያሸንፍ ስታዲየሙ የገባው ሰው ጥቂት ስለነበር ሁለተኛ ፎቃችን እንኳ አልሞላም።

ጃንዋሪ 11 ቀን 2021 አላባማ ኦሃዮ ስቴትን 52 ለ 24 አሸንፎ ሲዝኑን በ13 ድል፣ ያለ ሽንፈት ጨረሰ። በዚያው ሳምንት የእኔ ሪቪው (የሥራ ግምገማ) ነበር።

ቢሮ ስገባ በግራ በኩል ያለው ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጽፏል። 2020 አንደኛ። የእኔን ወረቀት ገና ሳይገልጥ፣ «ምን ትላለህ?» አለኝ ወደ ሰሌዳው እያሳየ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው ሪቪው ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ፉትቦል ይከራከራል? እኔ ተከራከርኩ። «ይሄ ቡድን ከኦሌ ሚስ 48፣ ከፍሎሪዳ 46 ተቆጠረበት። በሁለት ጨዋታ 94! የ2011ዱ በ13 ጨዋታ የተቆጠረበት በሙሉ 106 ነው» አልኩት።

ወንበሩን አስጠጋ። ድምፁን ቀነስ አደረገ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው። «ቁጥር ብቻ አትይ። ሁኔታውን ማየት አለብህ። ኮቪድ ነው። እንደ ድሮው ደካማ ጋብዘህ የምታሸንፈው ጨዋታ የለም፣ ፕሮግራሙ በሙሉ ከምድቡ ቡድኖች ጋር ነው። አሠልጣኙ ራሱ ተይዞ የኦበርንን ጨዋታ ቤቱ ሆኖ ነው ያየው። አንዱን ዓመት ከሌላው ጋር ዝም ብለህ አታወዳድርም።»

እንዲህ አምሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከልቤ ነው የምለው፣ ሊያሳምነኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ገለጠው። ገቢ፣ ከአምናው ግማሽ አይሞላም። መቅረት፣ አሥር ቀን። ደረጃ፣ ከሦስቱ ሦስተኛ። ጭማሪ፣ የለም። በአምና እና በዘንድሮ መካከል ቀስት ስሏል፣ ወደ ታች።

ወረቀቱን አየሁት። ሰሌዳውን አየሁት። እሱን አየሁት። የምር አልታየውም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ሁኔታውን ማየት የለብህም?» አልኩት።

«የምን ሁኔታ?»

«ኮቪድ ነዋ። እኔም ተይዤ ቤቴ ነበርኩ፣ እንደ ሴባን።»

ትንሽ አሰበ። ማስኩን ከፍ አደረገ። «ፉትቦል ሌላ ነው» አለኝ።

ፈረምኩ። ምን ላድርግ? ማርታ በሚባለው የከተማው ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው መልስ የመጣልኝ፣ ያውም አምስት ዓይነት። አንዱ በጣም ጥሩ ስለነበር ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች። ማታ ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው፣ «አንተስ ምን አከራከረህ? 2020 አንደኛ ነው ብትለው ሃምሳ ሳንቲም ይጨምርልህ ነበር» አሉኝ። ይመስለኛል ልክ ናቸው። ግን 46 የተቆጠረበትን ቡድን በሃምሳ ሳንቲም አንደኛ አላደርግም።

ሰውዬው በኋላ ሌላ ፓርኪንግ ተመድቦ ሄደ። ቦታው ለእኔ ደረሰ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ሴባን ጡረታ ወጣ ሲባል አንድ ቴክስት ላከልኝ። «2020» ብቻ ይላል። «106» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ አልተጻጻፍንም።

ሰሌዳውን አላወረድኩትም። በግራ 2011ን አንደኛ አድርጌያለሁ፣ ሌላውን አልነካሁም። በቀኝ ያው የካሸሮቹ ደረጃ ነው፣ ከላይ አውጡ ይሉናል፣ እናወጣለን።

ባለፈው የማታ ሺፍት የሚሠራ ልጅ መጣ። አዲስ ነው፣ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። «ለምን አምስተኛ ሆንኩ?» አለኝ። ገቢህ ዝቅ ብሏል አልኩት። «የፓርኪንጉ ጌት ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ክፍት ነበር እኮ። ማን ይከፍላል?» አለ።

«ቁጥሩ ግን...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ጥቁሩን ማርከር አንስቼ አራተኛ አደረግሁት።

በነጋታው ጠዋት ሰዓቴ ሳይደርስ ቢሮው በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። አራተኛ የነበረው።