ገብቶኛል

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ፍሬሽ ተማሪ ናት። የካልኩለስ ሚድ ውጤቷን አይታ ነው። «ኧረ ገብቶኝ ነበር እኮ!» ትላለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። ኔትወርኩ ይሁን ልቅሶው አልለየሁም።

«እንዴት ነበር ያጠናሽው?» አልኳት።

«ወርክሺቱን ከነመልሱ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዩቲዩብም አይቻለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ቁርጥ እኔን!

እኔም ሃይስኩል እያለሁ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ፎርሙላ እሸመድዳለሁ፣ ቁጥር እተካለሁ፣ አለቀ። ካምፓስም በዚያው አመሌ ገባሁ። ከሲኒየሮች ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከነመልሳቸው አገኘሁና ችከላ ጀመርኩ። መልሱን ሳነበው እያንዳንዱ መስመር ልክ ነው። ራሴን እነቀንቃለሁ። ገብቶኛል፤ ቀጣዩ።

ሚድ ላይ ሊሚት መጣ፤ ኤክስ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ ውጤቱ ወደየት ይጠጋል የሚለው ነው። እኔ የለመድኩት እንዲህ የሚለውን ነበር፦ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ፣ 3 ኤክስ ሲቀነስ 1 ወደ 5 እንደሚጠጋ በኢፕሲሎን ዴልታ አሳይ። ኢፕሲሎን ውጤቱ ከ5 እንዲርቅ የተፈቀደለት ርቀት ነው፤ ዴልታ ደግሞ ለዚያ ሲባል ኤክስ ከ2 እንዲርቅ የምትፈቅድለት። ዴልታን «ኢፕሲሎን ሲካፈል ለ3» ትለዋለህ፣ በቃ። የመጣው ግን ኤክስ ስኩዌር ሆነ፤ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ 9። ያንኑ መንገድ አስኬድኩት። ዴልታን «ኢፕሲሎን ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር 3» አልኩና ዙሪያውን ሳጥን ሠርቼ አሳመርኩት። ወረቀቱ ሲመለስ ሳጥኑ አጠገብ አንድ ቀይ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ። ከ30ው 9 አገኘሁ።

ያዳነኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። የጎጃም ልጅ ነው። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ባዶ ክላስ ፈልጎ ይገባና፣ አስተማሪዎች የጣሉትን የጠመኔ ስባሪ ለቃቅሞ ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ደብተር አይዝም። ለባዶ ወንበሮች ያስረዳል፣ ራሱን ይጠይቃል፣ ይሳደባል፣ ያጠፋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጤነኛ አልመሰለኝም።

ያቺን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ጠመኔውን ሰጠኝ። ጻፍኩ።

«ዴልታህ ውስጥ ኤክስ ምን ይሠራል?»

ዝም።

«ኢፕሲሎንን እኔ እሰጥሃለሁ። አንተ ዴልታን ትሰጠኛለህ። ኤክስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ላላየኸው ሰው በልኩ ጫማ ትገዛለህ እንዴ?»

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። መልሱን አልነገረኝም፤ ያ ነበር የሚያናድደው። በመጨረሻ ራሴ ደረስኩበት። ኤክስን መጀመሪያ ከ3 በ1 እንዳይርቅ አጥረዋለሁ። ያኔ ከ4 አያልፍም፣ ስለዚህ ኤክስ ሲደመር 3 ከ7 ያንሳል። ዴልታ እንግዲህ ከ1 እና ከ«ኢፕሲሎን ሲካፈል ለ7» ትንሹ ነው። 7ቱ ከየት እንደመጣ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። በዚያ ሴሚስተር የሸመደድኳቸውን ሌሎች ማረጋገጫዎች ግን አንዱንም አላስታውስም።

የጓደኛዬ አባት በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። «ዳዊት ይደገማል፣ ቅኔ ግን ይቆጠራል» ይለኝ ነበር፤ መቁጠር ማለት ራስህ አዲስ መፍጠር ነው። ቅኔ ቤት የሌላ ሰው ቅኔ ይዘህ ብትቀርብ ዋጋ የለውም። የራስህን ይዘህ መምህሩ ፊት ትቆማለህ፣ ትታረማለህ፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። «አንተ ሒሳቡን እየደገምከው ነው» አለኝ። ተቀየምኩት። ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ሌላም አጠናኔን ያስለወጠኝ ነገር አለ። ወርክሺት ላይ «ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ» የሚባለውን የኢንተግራል መሥሪያ ዘዴ ርዕስ ያደርግና ሃያ ጥያቄ ይደረድራል። ጥያቄውን ሳታነበው መሣሪያው እጅህ ላይ ነው። ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም። ኤክስ ሲባዛ ኢ ፓወር ኤክስ ባይ ፓርትስ ይፈልጋል። ኤክስ ሲባዛ ኢ ፓወር ኤክስ ስኩዌር ደግሞ በሌላ ዘዴ፣ በሰብስቲትዩሽን፣ በአንድ መስመር ያልቃል። መንታ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በብጣሽ ወረቀት እየጻፍን ፌስታል ውስጥ ከተን እንደ እቁብ ዕጣ እናወጣ ጀመር። ውጤታችን መጀመሪያ አሽቆለቆለ፤ ተስፋ ልንቆርጥ ምንም አልቀረን።

ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ እንደሞከሩት ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ጥናቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የቅርጾችን ቮልዩም አስተማሯቸው። ግማሾቹ ጥያቄዎቹን በየዓይነቱ ለይተው ሠሩ፤ ግማሾቹ ደባልቀው። በልምምዱ ጊዜ የለዩት 89 በመቶ፣ የደባለቁት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የለዩት 20፣ የደባለቁት 63! ሳነበው ያቺ ፌስታል ትዝ አለችኝ።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልዘረገፍኩባትም። ሲያለቅሱ ምክር አይሰማም። ወርክሺቱን ከነመልሱ መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ በባዶ ወረቀት ሥሪ፣ ስትቆሚ የቆምሽበትን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። «አንድ ብቻ?» አለች፣ እንደመናቅ ብላ።

ዛሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ገባ። ፎቶው ትንሽ ተንቀሳቅሷል። አራት መስመር ነው፤ ሦስተኛው ላይ ተሳስታለች። ስህተቷን ወዲያው አየሁትና ማስተካከያውን መጻፍ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ አጠፋሁት።

«ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እንዴት ሄድሽ?» ብዬ ላክሁ።

አይታዋለች። እስካሁን አልመለሰችም።