ለቤቴ ጋራዥ የመጀመሪያውን ሚሊንግ ማሽን እንዴት መረጥኩ

በሜሪላንድ ከምንኖርበት ቤት ጋር የተያያዘውን የአንድ መኪና ጋራዥ የብረት ሥራ ቦታ አድርጌዋለሁ። ዕቃውን እያዞረ የሚቆርጠው ቶርኖ አስቀድሞ ስለነበረኝ፣ የቀረኝ ሚሊንግ ማሽን (ፍሬዛ)፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ የታሰረን ዕቃ በሚዞር መቁረጫ የሚያርስ ማሽን ነበር። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ወለል ላይ በተተከለ ግዙፍ ፍሬዛ ስለሆነ፣ እዚህ ለቤት የሚሸጡት ትናንሽ ማሽኖች መጫወቻ ይመስሉኝ ነበር። ስለዚህ ዓይኔ በመጠን እንዳይሸነገል፣ ማሽን ማየት ከመጀመሬ በፊት የምሠራቸውን ዕቃዎች በወረቀት ላይ አሰፈርኩ።

ዝርዝሩ የሞተር መጫኛ ሳህኖችን፣ በዘንግ ላይ የሚወጡ የቁልፍ ቦዮችንና ልዩ ልዩ መያዣዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከሁሉ ትልቁ 300 ሚሊሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም ሳህን ነበር። መቁረጫው ከዕቃው ሁለት ጫፍ ማለፍ ስላለበት፣ ጠረጴዛው ወደ ግራና ቀኝ ቢያንስ 400 ሚሊሜትር መጓዝ እንዳለበት ከዚያ ተረዳሁ። ሻጮች እምብዛም የማያነሡት ሌላው መመዘኛ ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ለስላሳ ብረት ሃይ ስፒድ ስቲል ከሚባለው ጠንካራ ብረት በተሠራ መቁረጫ ሲቆረጥ የመቁረጫው ጠርዝ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ቢጓዝ ይስማማዋል፤ በዚህ ስሌት 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ሲፈልግ፣ 50 ሚሊሜትር ስፋት የሚጠርግ ፍላይ ከተር የሚባል ባለ አንድ ስለት መቁረጫ ግን 160 ዙር ይበቃዋል። ማሽኑ ወደዚያ መውረድ ካልቻለ ወይም ሲወርድ ጉልበት ካነሰው፣ በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ለብረት ሥራ የሚፈይደው ነገር የለም።

በመጀመሪያ የመዘንኩት 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው። በአንድ ወዳጄ ቤት ሞክሬዋለሁ። አሉሚኒየም ላይ ደኅና ይሠራል፤ ብረት ላይ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ሞተርና መቁረጫ ያለበትን ጭንቅላት የሚሸከመው አምድ ይርገበገባል፣ የተቆረጠውም ገጽ ሞገድ ይይዛል። ሁለተኛው ክብ አምድ ያለው፣ ትራፓኖን (መብሻ ማሽን) ከፍሬዛ ጋር ያዳቀለ ማሽን ነበር። ክብደቱም ዋጋውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ረጅም ፑንታ (መብሻ ብረት) አውጥቶ አጭር መቁረጫ ለማስገባት ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ፣ ጭንቅላቱ በክቡ አምድ ዙሪያ ስለሚዞር የቀዳዳው ማዕከል ይጠፋና ልኬቱን እንደገና መፈለግ ግድ ይሆናል። በየዕቃው ላይ ቀዳዳ በስቶ ዙሪያውን ለሚያርስ ሰው ይህ አሰልቺ ነው።

ልቤን የሳበው በእርግጥ ብሪጅፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በኮነቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ መሠራት የጀመረው ይህ ማሽን በአሜሪካ የብዙ ወርክሾፖች ምሰሶ ሆኖ ስለኖረ፣ ያገለገለው በየቦታው ይገኛል። ሆኖም 900 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የቤት ጋራዥ በር ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 2.13 ሜትር ስለሆነ ሞተሩ እንዳይነካ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል። ሞተሩም ብዙውን ጊዜ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ) ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ ፌዝ)። የመብራቱ ችግር እንኳ ሲንግል ፌዙን ወደ ስሪ ፌዝ በሚቀይረውና የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው፣ ቪ.ኤፍ.ዲ. በሚባለው መለወጫ ስለሚፈታ ብዙም አላሳሰበኝም።

ያገለገለ ማሽን ሳይ ቀለሙን ትቼ ጠረጴዛው የሚመላለስባቸውን ተንሸራታቾች ነበር የምፈትነው። ጠረጴዛው ብዙ የሚመላለሰው መሃል ላይ ስለሆነ መሃሉ ይበላል፤ ይህን ለማወቅ የተንሸራታቹን ክፍተት የሚያጠብበውን ቀጭን ብረት መሃል ላይ ልክ እስኪሆን አጥብቆ ጠረጴዛውን ወደ ጫፍ መንዳት ነው። ጫፍ ላይ ከተያዘ መሃሉ አልቋል ማለት ነው፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ የባለሙያ ፍቀትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። እጀታው አቅጣጫ ሲለውጥ ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ የሚባክነው ዙር ግን ያን ያህል ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ጠረጴዛውን የሚነዳውን ብሎን ዳዶ በማስተካከል ወይም በመለወጥ ይቀንሳል። ጠረጴዛ ላይ በስሕተት የተበሱ ቀዳዳዎችም ያስቀይማሉ እንጂ ሥራ አይከለክሉም። በአቅሜ ካየኋቸው ብሪጅፖርቶች መካከል ይህን ፈተና ያለፈ አልተገኘም።

በመጨረሻ የወሰድኩት ዳቭቴይል በሚሉት ሰያፍ ተንሸራታች ላይ ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ፣ 300 ኪሎ ያህል የሚመዝን ማሽን ነው። መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ (ስፒንድል) ቀዳዳ አር8 የሚባለው ልክ እንዲሆን አጥብቄ ፈልጌያለሁ፤ ይህ የብሪጅፖርት ልክ ስለሆነ መቁረጫውን ጨምቆ የሚይዘው ኮሌትና ሌላ መያዣ በአሜሪካ እንደልብ ይገኛል፣ ከላይ ያለው ረጅም ብሎን ላላ ተደርጎ መታ ሲደረግም ቶሎ ይለቃል። የሞርስ ቁጥር 3 የሚባለው ሌላ የቀዳዳ ልክ ግን እየነከሰ በመዶሻ ያታግላል። የእጀታዎቹ ልኬት በኢንች፣ አንድ ዙር 2.54 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በሚሊሜትር ለተማረ ሰው ስሌቱ አድካሚ ነው፤ ዲጂታል ማንበቢያ የገጠምኩበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው። ማንበቢያው ጠረጴዛውን ራሱን ስለሚለካ የሚባክነውን ዙር በልኬት ላይ ከቁጥር አያስገባውም። መቁረጫው ዕቃውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሲጎትት ግን ያው ክፍተት ጠረጴዛውን ስለሚያስፈነጥር፣ ከባድ ቁርጥ ሁልጊዜ ከመቁረጫው ዙር በተቃራኒ እየገፋሁ እሠራለሁ።

ለሞርሳ (የዕቃ መንከሻ)፣ ለኮሌት፣ ለማሠሪያዎች፣ ለመቁረጫዎችና ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ ለሚያሳየው ዳያል ኢንዲኬተር ከማሽኑ ዋጋ ግማሽ ያህል ለይቼ ማስቀመጤ ጠቅሞኛል፤ ያለ ጥሩ ሞርሳ ጥሩ ማሽን ሥራ ፈት ነው። ማሽኑን ያነሣነው በመኪና ሞተር ማንሻ ነው። የማንሻው ክንድ በረዘመ ቁጥር የሚችለው ክብደት ስለሚቀንስ፣ አስቀድመን ጠረጴዛውን ፈትተን አቅልለነዋል። የፋብሪካውን ግራሶ በላምባ ካጠብኩ በኋላ ኢንዲኬተሩን ስፒንድሉ ላይ አስሬ በጠረጴዛው ላይ ሰፊ ክብ እያዞርኩ ጭንቅላቱን ቀጥ አደረግሁት። ይህ ካልተደረገ ሰፊ መቁረጫ በአንድ ጎኑ ብቻ እየቆረጠ ደረጃ ይተዋል።

አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ከአሜሪካ እንዲህ ያለ ማሽን ማስመጣት ያዋጣ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ለ110 ቮልት የተሠራ ሞተር በ220 እንደሚቃጠል ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው የፍሪኩዌንሲው ልዩነት ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 1,725 ዙር የሚዞር ተራ ሞተር በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ወደ 1,440 ገደማ ይወርዳል፣ ቮልቱ በዚያው ልክ ካልተቀነሰለትም ይግላል። ስለዚህ ማሽኑ ቢወደድ እንኳ ሞተሩን በ220 ቮልት ስሪ ፌዝ ቀይሮ በቪ.ኤፍ.ዲ. እንዲነዱት እመክራቸዋለሁ፤ መለወጫው ከግድግዳው የሚገባው 50 ይሁን 60 አይለይም፣ ፍጥነቱንም ቺንጋ ሳይቀይሩ ማስተካከል ይቻላል፤ ፍጥነቱ እጅግ ዝቅ ሲል ግን የሞተሩ ጉልበት ስለሚደክም ለከባድ ቁርጥ ያው ቺንጋው መቀየር አለበት።