ማርጊትን ትቼ ወደ ደቡብ

ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ፕሌይ ስቴሽን 4ቱን ለእኔ ተወልኝ። ከነጌሙ። ጌሙ ኤልደን ሪንግ ነው። «ይሄን ሞክሪው። መጀመሪያ ይከብድሻል፤ ግን እንዳትተዪው» አለኝ። 31 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ጆይስቲክ ይዤ አላውቅም።

ኤልደን ሪንግ በፈረንጆች 2022 የወጣ፣ ፍሮምሶፍትዌር የሚባል የጃፓን ድርጅት የሠራው ጌም ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጌም በክብደቱ ይታወቃል። «ቀላል» የሚል ምርጫ የለውም። ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ሩን ታገኛላችሁ፤ በእሱ ዕቃ ትገዛላችሁ፣ ሌቭላችሁንም ከፍ ታደርጋላችሁ። ስትሞቱ የያዛችሁት ሩን በሙሉ የሞታችሁበት ቦታ ይቀራል። ተመልሳችሁ ማንሳት ይቻላል። መንገድ ላይ እንደገና ከሞታችሁ ግን በቃ፣ ጠፋ።

ጨዋታው የሚጀምረው ሊምግሬቭ በሚባል አረንጓዴ አገር ነው። ከሩቅ ሰማይ ጠቀስ የወርቅ ዛፍ ይታያል። ማረፊያ ቦታዎቹ ላይ ቀጭን የወርቅ ብርሃን ይነሳና ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል። እኔ ብርሃኑን እንደ ትእዛዝ ወሰድኩት። ግራ ቀኝ ሳላይ ተከተልኩት። ያደረሰኝም ማርጊት ጋ ነው።

ማርጊት ስቶርምቬይል ወደሚባለው ግንብ የሚያስገባውን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ ነው። ረጅም፣ ቀንዳም፣ ቡትቶ የለበሰ፣ ምርኩዝ የያዘ። እንዴት እንደሚገድል ልንገራችሁ። ምርኩዙን ከጭንቅላቱ በላይ ያነሳል። ያኔ ጣታችሁ ሳታስቡት ቁልፉን ይጫንና ለማምለጥ ትንከባለላላችሁ። እሱ ግን ገና አልሰነዘረም። እንዳነሳው ይቆያል። ተንከባልላችሁ ስትነሱ፣ በዚያች ቅጽበት ያወርደዋል። የሞትኩትን ደብተር ላይ እየሰረዝኩ እቆጥር ነበር። 43 ደረሰ።

ይሄን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ ቢሮ «ዊኬንድ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ቤት አረፍኩ» እላለሁ። ቤትም በሬን ዘግቼ፣ ድምፁን ቀንሼ ነው የምጫወተው። ሴት ልጅ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ምን ይሉኛል ብዬ። ድምፁን መቀነሴ ራሱ ሲያስመታኝ ከርሟል። ከኋላ የሚመጣውን የምታውቁት በኮቴው ነው። ደግሞ ይሄ ጌም ለመደበቅ አይመችም። እንደ ሌሎቹ ፖዝ የሚባል ቁልፍ የለውም። እናቴ «ነይ፣ እራት ቀርቧል» ባለች ቁጥር ሞቼ ነው የምሄደው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቡና ይዛልኝ ገባች። ማርጊት ፊት ለፊቴ ነበር፤ እጄን ማንሳት አልቻልኩም። ሲኒውን እንደያዘች ቆማ አየች። ሞትኩ። እንደገና ገባሁ። አሁንም ሞትኩ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ።

«እሱን ማለፍ አለብኝ፣ እማዬ።»

«መንገዱ በእሱ በኩል ብቻ ነው እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ካርታውን ከፈትኩት። በደቡብ በኩል ያለው ሁሉ እግሬ ያልረገጠው ነው። አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ፈረሴን ጠርቼ ወደ ደቡብ ጋለብኩ።

ድልድዩን ስትሻገሩ ዝናብ የማያቋርጥበት ልሳነ ምድር አለ። መንገድ ዳር ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ አይሪና የምትባል ልጅ ተቀምጣለች። አባቷ በደቡብ ጫፍ ያለው ግንብ ውስጥ ነው። አገልጋዮቹ አምፀው ሸሽታ ነው የመጣችው። ደብዳቤ ሰጠችኝ። ጌሙ ደብዳቤውን ለማን እንደምታደርሱ የሚመዘግብ ዝርዝር የለውም፤ ካልያዛችሁት ይረሳል። ስለዚህ ሞት የምቆጥርበትን ደብተር ገልብጬ ከኋላ መጻፍ ጀመርኩ። ማን ምን አለኝ፣ የትኛው በር ተዘግቷል፣ የት ልመለስ። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ደብተር ያዙ።

በዚያ ልሳነ ምድር ላይ ሦስት ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው ጠብታ የምትድኑበትን ጠርሙስ ያጠነክራል። ከዋሻ ያወጣሁት ድንጋይ ሰይፌን አጠነከረው። ሌቭሌ ከ14 ወደ 29 ወጣ። ይሄ ሁሉ የተገኘው ለማርጊት ብዬ ሳይሆን «እዚያ ማዶ ምን አለ?» ብዬ ስሄድ ነው። አንድ ፍርስራሽ ምድር ቤት ውስጥ ሳጥን ከፍቼ ጭስ ወጣና ሰማዩ ቀይ፣ መሬቱ የበሰበሰ አገር፣ ዋሻ ውስጥ ወርውሮኛል። ከዋሻው በእግሬ እስክወጣ ድረስ ልቤ ስትመታ ይሰማኝ ነበር። ያን ምሽት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደስ የሚሉ ምሽቶች እቆጥረዋለሁ።

ደብዳቤውን አደረስኩ። አባትየው ግን ኃላፊነቴን ሳልጨርስ አልሄድም አለ። የአመፁን መሪ ገደልኩለት። ያኔ ወደ ልጁ ሄደ። እኔም ተከትዬ ስደርስ አይሪና ሞታለች፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጧል። እናቴ ከኩሽና «አባቷ ደረሰላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

ያንኑ ሰኞ ቢሮ «ዊኬንድ እንዴት ነበር?» ሲባል እውነቱን ተናገርኩ። ኤልደን ሪንግ ስጫወት፣ አንዲት ልጅ ሞታብኝ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት አልኩ። የሳቀ የለም። የንብረት ክፍሉ ልጅ ግን ወንበሩን ጎትቶ መጣ። ለካ እሱም ተጫውቶታል። ማርጊት ጋ 43 ጊዜ መሞቴን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ስንቴ ነው የምትመቺው?» ሲመቸኝ ሦስቴ፣ አራቴ እንደምደጋግም ነገርኩት። «ስስት ነው የሚገድልሽ። አንዴ ምቺና ውጪ» አለኝ። ምርኩዙን ሲያነሳም ምርኩዙን ሳይሆን ትከሻውን እንዳይ ነገረኝ። እኔ ብቻዬን በሬን ዘግቼ ስንት ሳምንት ያላገኘሁትን በአንድ ሻይ ሰዓት አገኘሁት።

ማርጊት ጋ ከመመለሴ በፊት የያዝኩትን ሩን በሙሉ ተጠቀምኩበት። ባዶ እጅ መግባት ይሻላል፤ የሚጠፋ ነገር ሲኖር እጅ ይንቀጠቀጣል። ድምፁን ከፈትኩት፤ በሬንም አልዘጋሁም። ለእኔ የሚዋጉ ሦስት የመንፈስ ተኩላዎች ጠርቼ ለቀቅኩበት። ምርኩዙን አነሳ። ትከሻውን አየሁ። ጠበቅኩ። ሊያወርደው ሲል ተንከባለልኩ፣ አንዴ መታሁ፣ ወጣሁ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስጮህ እናቴ ማማሰያ ይዛ ሮጣ መጣች።

የግንቡ በር ፊት ለፊቴ ነበር። ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ያን ቀን ያየነው ቦታ አሁንም አለ?»

የትኛውን እንደምትል ገባኝ። በሊምግሬቭ ምሥራቅ ጫካ ውስጥ አሮጌ ሊፍት አለ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ከዚያ ግድግዳው ይከፈትና ከመሬት በታች የሌሊት ሰማይ ይታያል፤ ከዋክብት እስከ ጥግ ድረስ። መጀመሪያ ያየነው ቀን ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር።

ፈረሴን አዞርኩ። እናቴ ማማሰያውን አስቀምጣ መጣችና ትራሱን ከጀርባዋ አመቻችታ ተቀመጠች። ሊፍቱ መውረድ ጀመረ።