ተመልሶ የሚመጣ ሥራ

ባለፈው ሳምንት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሠራሁት የትከሻ ቦርሳ ለጥገና ተመልሶ መጣ። ከማሸጊያው አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የተጎዳው ቦታ ሳይሆን ቀለሙ ነበር፤ ከእጄ ሲወጣ ፈዘዝ ያለ፣ ገለባ የመሰለ መልክ የነበረው ቆዳ በፀሐይና በእጅ ወዝ ብዛት እንደ ጥቁር ማር ሆኗል፤ ሁልጊዜ የሚያዘው የክዳኑ ጠርዝ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ቀጥዬ ስፌቱን አየሁ። በአንደኛው ጎን፣ ከታችኛው ማዕዘን ጀምሮ ዘጠኝ ቀዳዳ ያህል ክሩ በፍትጊያ ተበልቶ ተበጥሷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ቦርሳው ከእጄ በወጣበት ቀን እንደነበረው ጥብቅ ብሎ ይታያል።

በቆዳ ሥራ መተዳደር ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። የምሠራውም ብቻዬን፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ጠረጴዛ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ሙያው ካወቅሁት ውስጥ አብዛኛውን ያገኘሁት ሠርቼ ከሸጥሁት ሳይሆን ከተሸጠ በኋላ ተመልሶ ከመጣልኝ ዕቃ ነው። አዲስ ቦርሳ ለሠሪው ብዙ አይናገርም፤ ሁሉም አዲስ ቦርሳ ያምራል። ዓመታት ያገለገለው ግን የት እንደ ደከምሁ፣ የት እንደ ቸኮልሁ፣ የትኛውን ቆዳ ያለ ቦታው እንዳስገባሁ ምንም ሳይደብቅ ያሳየኛል።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት የመጣው ሥራውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ነበር። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ደንበኛ ስምንት ወር የያዙትን ቦርሳ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ቦርሳውንስ ወድጄዋለሁ፤ ማንገቻው ግን በየወሩ እየረዘመ አሁን ጉልበቴን ይመታኛል» አሉኝ። ለካሁት። ከሠራሁት ልክ አራት ጣት ያህል ረዝሟል፤ ዘለበቱ የሚገባባቸው ክብ ቀዳዳዎችም ተስበው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም፤ ቆዳውን በቆረጥሁ ጊዜ ልቤ ያውቀው ነበር። አንድ ሙሉ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርባው በኩል ያለው፣ ቆዳውን አያይዞ የያዘው ክር መሰል ጭረት የተጠቀጠቀ ስለሆነ ቢስቡትም አይለጠጥም፤ በሆዱ በኩል ያለው ግን እንስሳው ሲበላና ሲተነፍስ ዕድሜውን ሙሉ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ የኖረ ስለሆነ ልል ነው። ማንገቻና ቀበቶ የሚቆረጠው ከጀርባው፣ የአከርካሪውን መስመር ተከትሎ መሆኑን ሥራውን ሊማር የመጣ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነገረዋል። እኔ ግን ምርጡን የጀርባ ቆዳ ለሚታየው ለቦርሳው ገላ አውዬ፣ ቆዳ እንዳይባክንብኝ ብዬ ማንገቻውን ከሆዱ ቆረጥሁት።

ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ማንገቻውን በነፃ ቀየርሁላቸው። ይህ ቀላሉ ክፍል ነበር። ማታ መዝገቤን ገልጬ ስመለከት ከዚያው ቆዳ የተቆረጡ ሌሎች 17 ማንገቻዎች በሰው እጅ እንዳሉ አገኘሁ። ብዙዎቹ ገና ቅሬታ አላቀረቡም፤ አንዳንዶቹም ምናልባት ፈጽሞ ላያቀርቡ ይችሉ ነበር። ሁለት ቀን ሳስብ ቆይቼ ለሁሉም ጻፍሁ፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑንና ማንገቻውን ያለ ክፍያ እንደምቀይር አስታወቅሁ። 11 ሰዎች መለሱልኝ። የዚያ ወር ሥራዬ በሙሉ ለዚሁ ዋለ፤ ለቆዳም ለመላኪያም ያወጣሁት ከራሴ ነው። ከእነዚያ 11 ሰዎች መካከል ሰባቱ ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው፤ ይህን የምለው መልካም ሥራ ሁልጊዜ በገንዘብ ይመለሳል ለማለት አይደለም፤ አራቱ ደግመው አልመጡምና። ግን ከዚያ ወር በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ እኔ በሥራ ላይ እስካለሁ ድረስ፣ ከእጄ የወጣ ዕቃ ስፌቱና ጠርዙ ቢጎዳ በነፃ እጠግነዋለሁ።

ይህ ደንብ ሲወጣ የደግነት ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሥራዬን አካሄድ ሁሉ እንደ ለወጠው ተረዳሁ። ተመልሶ እንደሚመጣ የምታውቀውን ዕቃ ስትሠራ፣ ከሙጫው በፊት ከስፌቱ ጋር ትነጋገራለህ፤ ይህን ነገር አንድ ቀን እንዴት እፈታዋለሁ ብለህ ትጠይቃለህ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቦርሳውን ውስጥ ገበር በሙጫ ለጥፌ በላዩ እሰፋው ነበር። አሁን ገበሩን የምይዘው በስፌት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተለጠፈ ገበር ሲነሣ ቆዳውን ላጥ አድርጎ ይነሣል፤ የተሰፋ ግን ክሩ ተቆርጦ ይወጣና ቦታው ደኅና ይቀራል።

ስለ ስፌቱ ትንሽ ማብራራት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው «በእጅ የተሰፋ» ሲባል ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። የስፌት መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይሄድና በየቀዳዳው መካከል እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ኤልያስ ሃው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር፤ ለልብስም ሆነ ለብዙ ዓይነት ዕቃ ይህን የመሰለ ፈጣንና ጠቃሚ መሣሪያ የለም። እኔ የምሰፋው ግን በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ክሩ በንብ ሰም ይታሻል፤ በሁለቱም ጫፍ ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ይታሰርበታል። ቆዳው በጉልበቴ መካከል ባለው የእንጨት መቆንጠጫ ተይዞ በወስፌ ይበሳል፤ ከዚያ የግራው መርፌ ወደ ቀኝ፣ የቀኙም መርፌ ወደ ግራ በዚያው ቀዳዳ ያልፋሉ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ክሩ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍበት አንድ ቦታ ቢበጠስ ጎረቤቱ ይዞ ያቆየዋል፤ እንደ ሹራብ እየተተረተረ አይሄድም። ባለፈው ሳምንት የመጣው ቦርሳ ዘጠኝ ቀዳዳ ላይ ተበጥሶ ሌላው እንዳለ የቆየውም ለዚህ ነው። ባለቤቱ ለስንት ጊዜ እንደዚያ ይዘውት እንደ ዞሩ እንኳ አያውቁም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አንድ መካከለኛ ቦርሳ ሦስት ሜትር ያህል ስፌት አለው፤ ቀዳዳዎቹ በአራት ሚሊ ሜትር ርቀት ስለሚበሱ 750 ቀዳዳ ማለት ነው። እጄ በደኅና ቀን በደቂቃ አምስት ቀዳዳ ይሰፋል፤ ስለዚህ ስፌቱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ንድፉ፣ ቆረጣው፣ የሚታጠፈውን ጠርዝ በስለት ማቅጠኑ፣ መብሳቱ፣ ጠርዙን በውኃና በሰም አሽቶ እስኪያበራ መፈተጉ ሲደመር 14 ሰዓት ይሆናል። ይህን የማውቀው ስለ ጻፍሁት ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ሰዓቴን ሳልጽፍ ሠርቻለሁ፤ አንድ ቦርሳ «ሁለት ቀን» ይፈጅብኛል እያልሁ ዋጋ አወጣ ነበር። ደብተር ይዤ መጻፍ ስጀምር ግን ሁለቱ ቀን የቆጠርሁት መስፋቱንና መቁረጡን ብቻ እንደ ነበር አየሁ። ለደንበኛ መልስ መጻፉ፣ ፎቶ ማንሣቱ፣ ማሸጉ፣ ቆዳ ለመምረጥ መሄዱ፣ የዶለዶመውን ቢላ መሳሉ አንዱም አልተቆጠረም። ጥገናውማ ጭራሽ አልነበረበትም።

እንግዲህ ዋጋ መጨመር ነበረብኝ፤ እጅግም ከበደኝ። በእጅ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ሲናገር ድምፁ የሚቀንስበት ምክንያት አለ፤ የሚጠይቀው ለቆዳ ወይም ለክር ሳይሆን ለራሱ ቀን ስለሆነ፣ ሰው «ተወደደ» ሲለው የተወደደው እርሱ ራሱ ይመስለዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይሰማኝ ነበር። የረዳኝ ደብተሩ ነው። በወር ስንት ሰዓት ለጥገና እንደሚውል አንድ ዓመት ሙሉ መዝግቤ፣ ያንን ሰዓት በዓመቱ በሸጥኋቸው ዕቃዎች ላይ አካፈልሁት፤ ከዚያ በኋላ «ለምን ይህን ያህል?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ቃል አገኘሁ፦ በዋጋው ውስጥ ከዓመታት በኋላ የምሠራው ሥራ አብሮ አለ። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ይሄዳል፤ መብቱ ነው። ግን ዋጋውን ቀንሼ የሰጠሁት ቃል ኪዳን ልጠብቀው የማልችለው ቃል ኪዳን ይሆን ነበር።

ስለ ቆዳውም ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው ክሮም በተባለ ማዕድን ጨው ነው፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የቆዳ ማልፋትን ሥራ ከወራት ወደ ቀናት አሳጥሮታል። የሚሰጠውም ቆዳ ለስላሳና ውኃን የሚችል ነው፤ ለጫማና ለጓንት እኔም እመርጠዋለሁ። ለምሠራቸው ቦርሳዎች ግን ታኒን በተባለው፣ ከዛፍ ቅርፊት በሚገኝ ማልፊያ፣ በሳምንታትና በወራት የለፋውን እይዛለሁ፤ ምክንያቱም ጠርዙ ሲፈተግ ጥቅጥቅ ይላል፣ ቅርጽ ሲሰጡት ይይዛል፣ ከዕድሜው ጋርም ያምራል። ጠባዩን ለመልመድ ግን ዋጋ ከፍያለሁ። አንድ ጊዜ እርጥብ የሆነን ክዳን በብረት ክብደት ተጭኜ አሳደርሁት፤ ጠዋት ሳነሣው ብረቱ በነካው ቦታ ሁሉ እንደ ቀለም የጠቆረ ምልክት ነበር። ታኒንና ብረት በእርጥበት ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይሆናሉ፤ የጥንት ጸሐፊዎች በአውሮፓ ለዘመናት የጻፉበት ቀለም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት እንደ ነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ክዳን ጣልሁት፤ ከዚያ ወዲህ እርጥብ ቆዳ ላይ ድንጋይ እንጂ ብረት አላስቀምጥም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ስጦታ የሚሆኑ 200 ቦርሳዎች በሁለት ወር እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አግኝቼ የማላውቀው ያህል ነበር። ደብተሬን ገለጥሁ፦ 200 ቦርሳ በ14 ሰዓት 2,800 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብሠራ፣ አንድም ቀን ሳላርፍ፣ 350 ቀን። ሰዎች ቀጥሬ፣ በመኪና አሰፍቼ በስሜ ላቀርብ እችል ነበር፤ ወዳጆቼም እንዲህ አድርግ ብለው መክረውኛል፤ ምክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን የእነዚያ 200 ቦርሳዎች ጥገና ከአምስት ዓመት በኋላ ወደዚህች አንዲት ጠረጴዛ ነበር የሚመጣው። እኔ ያልሰፋሁትን፣ እንዴት እንደ ተሠራ የማላውቀውን ዕቃ የእኔ ነው ብዬ ልፈታው አልፈለግሁም። እምቢ አልሁ። በዚያ ዓመት መጨረሻ የክፍሌን ኪራይ ለመክፈል ስቸገር ውሳኔዬን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ሆኖ እሺ ቢል አልፈርድበትም።

ጥገና ሌላም ነገር አሳይቶኛል፤ ሰው ዕቃን እንዴት እንደሚይዝ። የሙዚቀኛው የኖታ መያዣ አንደኛው ማዕዘን ብቻ ያልቃል፤ ሁልጊዜ ወንበር ላይ በዚያው በኩል ያስደግፈዋልና። የመምህርቷ ቦርሳ ክዳን በቾክ ብናኝ ነጥቶ ይመጣል። አንድ አባት በቦርሳው ውስጠኛ ኪስ የልጁን የወተት ጡጦ ሲይዝበት ኖሮ ኪሱ የጡጦውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እኔም ኪሱን ሳልነካ ስፌቱን ብቻ አድሼ መለስሁለት። አዲስ ቦርሳ ስነድፍ እነዚህን እጆች አስባለሁ። ታችኛው ማዕዘን ላይ ተጨማሪ ቁራጭ የማስገባው፣ ክዳኑን ሰው በሚይዝበት በኩል ድርብ የማደርገው ከእነርሱ ተምሬ ነው።

ያ የባለፈው ሳምንት ቦርሳ አሁን መቆንጠጫው ውስጥ ነው። የተበጠሰውን ክር ነቅዬ አወጣሁ፤ ቀዳዳዎቹ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም እንደ ተበሱ ናቸው፤ በወስፌ ደግሜ መብሳት አላስፈለገኝም። ከተጎዳው ቦታ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ጨምሬ በደኅናው ክር ላይ ደርቤ እሰፋለሁ፤ አዲሱ ክር ከአሮጌው አጠገብ ለጊዜው ነጥቶ ይታያል፤ በዓመት ውስጥ ይመሳሰላሉ። መርፌውን በመጀመሪያው ቀዳዳ ሳስገባ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ያኔ ቀዳዳዎቹን የበሳሁት ትንሽ ወደ ግራ አዘንብዬ ነበር። ዛሬ ቀጥ አድርጌ ነው የምበሳው። የዛሬ እጄን የዚያን ጊዜ እጄ በሄደበት አዘንብዬ መስፋት ጀመርሁ።