ሹራቡ እርስዎ ጋ ነው

ከሰዓት ፈረቃ ላይ አንድ አርፋጅ ነበረኝ። ስድስተኛ ክፍል ነው። ሁሌ አስር ደቂቃ። አምስትም አይሆን፣ አስራ አምስትም አይሞላ። ይሄ ነገሩ ያበግነኝ ነበር። ሰው መቼም ያረፍዳል፤ ሰዓት ጠብቆ ማርፈድ ግን ንቀት ነው የመሰለኝ። ወረቀት አስለቅሜ ነበር የማስገባው።

ዩኒት ሊደር ስሆን የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ያለ ዩኒፎርም ማንም አይገባም። እኛ ጋ ዩኒፎርም ማለት ሹራብ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኅዳር ላይ ባንዲራ እስኪሰቀል ድረስ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብለው ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ በሸሚዝ ይጨቃጨቁ፤ እኛ በሹራብ። ሱሪው ጠቆር ካለ አልፈዋለሁ። ሹራብ ላይ ግን ድርድር የለም።

አንድ ቀን ያ ልጅ ጭራሽ በሸሚዝ መጣ።

«ሹራብህስ?»

«እርስዎ ጋ ነው ቲቸር።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ። «እኔ ያንተን ሹራብ ምን ላደርገው?»

«ወላሂ እርስዎ ጋ ነው። ወረቀት እየለቀመ ነው።»

«ሹራቡ?»

«ወንድሜ።»

ዞር አልኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲያወራ የያዝኩት የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ፈረቃው ካለቀ በኋላ አስቀርቼው፣ አጎንብሶ ይለቅማል። ሹራቡን ለብሶ።

የትንሹ እጅጌ ሁሌ ሦስት ጊዜ ታጥፎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ስንት ወር አየሁት እኮ! «እጅጌህን አውርድ» ብዬ ከመቆጣት ውጪ ምንም አላልኩም። አስሯ ደቂቃ ለካ የመቀያየሪያ ነበረች። በር ላይ ሰው እንዳያያቸው ራቅ ብለው፣ ከአጥሩ ጥግ ዞረው ነው አንዱ የሚያወልቀው፣ ሌላው የሚለብሰው።

ዘበኛችን አዛውንት ናቸው፤ ነገር አያልፋቸውም። «ባለ ሹራቡን አስረው ሹራብ ይጠይቃሉ!» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እስከ ዛሬ ሰላም ሲሉኝ ፈገግ ይላሉ።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህራችን «ዩኒፎርም ሀብታምና ድሃ እንዳይለይ ያደርጋል» አሉ። ልክ ናቸው። እኔም አልለየሁም።

ለሁለቱ ወንድማማቾች አስሯን ደቂቃ ፈቀድኩ። ዝም ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ የከሰዓት ፈረቃ «ሹራቡ ወንድሜ ጋ ነው» ማለት ጀመረ። አንዱማ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ለእናቱ አንድ ለመሆኑ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

«ወንድምህ ስንተኛ ክፍል ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ገና አልተመዘገበም ቲቸር።»

ወረቀት አስለቅሜ አስገባሁት።