ኬኩን ማን በላው?

አንድ የሥራ ገጠመኝ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት። ከክላስ በኋላ የወንዶቹን የባስኬት ቡድን አሰለጥናለሁ፣ ለዚህኛው የሚከፈለኝ ከታክሲ ብር አያልፍም ግን የምወደው እሱን ነው። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም፣ ሌላኛው ደግሞ ወደ ግራ ዘመም ስላለ ልጆቹ ሌላ ሜዳ ሲሄዱም ወደ ግራ ነው የሚወረውሩት፣ የምሬን ነው።

የዛሬ አራት ዓመት የትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ደረስን። ከዚያ በፊት ሩብ ፍጻሜ እንኳን አይተን አናውቅም። ዳይሬክተሯን ለምኜ ትንሽ ብር አስፈቀድኩ፣ ከኪሴም ጨመርኩበት፣ ከሜዳው ማዶ ያለ በርገር ቤት ለ13 ሰው ቦታ ያዝኩ፣ ኬክ አዘዝኩ፣ ላዩ ላይ "ሻምፒዮን" ብላችሁ ጻፉበት አልኳቸው። አዎ፣ ከጨዋታው በፊት። አትሳቁ።

41 ለ 40 እየተመራን 6 ሰከንድ ሲቀር የኛ ልጅ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ሊያገባ ሲዘል ፋውል ተሠራበት፣ ሁለት ፍሪ ስሮው፣ ማለትም ማንም ሳይከላከለው የሚወረውራቸው አንዳንድ ነጥብ ያላቸው ሁለት ኳሶች። የ16 ዓመት ልጅ ነው፣ ልምምድ ላይ ከ10 ስምንቱን የሚያገባ፣ አንዱን ቢያገባ ኦቨርታይም (ተጨማሪ ሰዓት) ሁለቱን ቢያገባ ዋንጫ። የመጀመሪያው ቀለበቱን መትቶ ወጣ። ሁለተኛው ቀለበቱንም አልነካ። በቃ አለቀ።

ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። አልጮህኩም፣ ማንንም አልሰደብኩም፣ እንዲያውም ባለመጮሄ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ቦርሳዬን አንጠለጠልኩና "በሉ ወደየቤታችሁ፣ ሰኞ እንገናኝ" አልኳቸው። ልጁ ቅርጫቱ ሥር ቁጭ ብሎ በማልያው ፊቱን ሸፍኗል፣ በአጠገቡ አለፍኩ። መንገድ ላይ ሆኜ በርገር ቤቱ ደውዬ ሰረዝኩ፣ ሰውየው "ወንድሜ ኬኩስ?" ሲለኝ "እኔ እንጃ፣ እናንተው ጋ ይሁን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሰኞ ልምምድ ላይ ከ12ቱ ሰባት መጡ። እሱ የለም። ማክሰኞም የለም፣ ሐሙስም የለም።

ቅዳሜ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው እኔን ራሴን በልጅነቴ ያሰለጠኑኝን ሰውዬ ነው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ልጅ ሲያሰለጥኑ የኖሩ ሼባ። ስለ ዲፌንሳችን፣ ስለ ዳኛው፣ ሁለት ልጅ ስለ መታመማቸው፣ ምን የቀረኝ አለ፣ ግማሽ ሰዓት አወራሁላቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና ስኒያቸውን አስቀምጠው፦

"ኬኩን ማን በላው?" አሉኝ።

"እንዴ ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ጨዋታው ነው የማወራው።"

"ሰምቻለሁ። ኬኩን ማን በላው ነው ያልኩህ።"

ዝም አልኩ። ከዚያ "አንተ ልጅ፣ ያ ብርድ ልብስ ተከናንበን ያየነው ጨዋታ ትዝ ይልሃል?" አሉኝ። እንዴት ይረሳል! ሰኔ 2005 ነው፣ በፈረንጆቹ 2013፣ የአሜሪካው ባስኬት ሊግ የኤንቢኤ ፍጻሜ፣ ማያሚ ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ፣ 6ኛው ጨዋታ፣ በኛ ሰዓት ሌሊት 10 ሰዓት የጀመረ፣ እሳቸው ቤት በዲሽ ያየነው። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው፣ ስፐርስ 3 ለ 2 እየመሩ ነው የገቡት፣ 28 ሰከንድ ሲቀር በ5 ነጥብ ይመሩ ነበር፣ ለዋንጫው ሥነ ሥርዓት ሜዳውን የሚከልሉበት ቢጫ ገመድ ሁሉ ወጥቷል። የማያሚው ሌብሮን ሦስት ነጥብ አገባ። የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ፣ ያኔ የ21 ዓመት ልጅ፣ ከሁለት ፍሪ ስሮው አንዱን ሳተ። ሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰ ኳስ፣ ለቃሚያቸው ቲም ደንካን ደግሞ የስፐርስ አሰልጣኝ ፖፖቪች አስወጥቶት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የማያሚው ቦሽ ሪባውንዱን ወሰደ፣ የቡድን ጓደኛው ሬይ አለን ወደ ጥግ እያፈገፈገ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ሦስት አገባ። ስፐርስ በኦቨርታይም 103 ለ 100 ተሸነፉ። እኔ ያን ቀን ስለ ደንካን መውጣት ፖፖቪችን ስረግመው ነበር የነጋው።

ጋሼ ግን የነገሩኝ በቲቪ ያልታየውን ነው። ፖፖቪች እንደኔው ምግብ ቤት ይዞ ነበር፣ ማያሚ ውስጥ፣ ለድሉ እራት። ከሽንፈቱ በኋላ ተጫዋቾቹ ሆቴላቸው ገብተው በር መዝጋት ነበር የፈለጉት፣ እሱ ግን አልሰረዘም፣ ሁሉም ወደ እራቱ ይመጣል አለ፣ ቀድሟቸው ደርሶ ጠረጴዛውን አስተካክሎ ጠበቃቸው፣ ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ አንዱን ትከሻውን እየነካ ሌላውን እያዋራ አበላቸው። ሰባተኛውን ጨዋታም ተሸነፉ፣ እራቱ ዋንጫ አላመጣላቸውም፣ ይህን ደብቄ ብነግራችሁ ቀሽም ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ማያሚን 4 ለ 1 አሸነፏቸው፣ የፍጻሜው ኮከብ ማን ሆነ? ያ ፍሪ ስሮው የሳተው ልጅ።

የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ የፖፖቪችን የሥራ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ አመሸሁ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር አልገባኝም፣ ሰው እንደዚያ ተቃጥሎ እንዴት ሰው ማብላት ይችላል? እኔ ፖፖቪችን የማውቀው ባለ አምስት ዋንጫ ሆኖ ነው። ሰውየው ከአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተመረቀ ነው፣ የተማረውም ስለ ሶቪየት ኅብረት እንጂ ስለ ኳስ አይደለም። በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና ፒትዘር የሚባል የኮሌጅ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ ለስፖርት ተብሎ ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት፣ ልጆቹ ኬሚስትሪ ፈተና አለብን ብለው ልምምድ የሚቀሩበት ዓይነት፣ እሱም ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የተማሪ ዶርም ውስጥ ይኖር ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ ውጤት 2 አሸንፎ 22 ተሸነፈ። ከተሸነፈባቸው አንዱ ካልቴክ ነው፣ የሳይንቲስቶቹ ትምህርት ቤት፣ በሊጋቸው 99 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው የነበሩት ልጆች ያንን የሰበሩት በእሱ ላይ ነው! እኔ ብሆን በነጋታው የሥራ መልቀቂያ ነበር የማስገባው።

እሱ ቆየ። በ1986 ቡድኑን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገ፣ እና ሻምፒዮን በሆነ ማግስት ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙ ላሪ ብራውን ጋ ያለ ደመወዝ ረዳት ሆኖ ሊማር ሄደ፣ ወደ 40 የሚጠጋ ሰውዬ፣ ዋና አሰልጣኝ የነበረ። ተመልሶ የራሱን ልጆች ይዞ ካንሳስን ሊገጥም ሲሄድ ደግሞ 94 ለ 38 ጨረሱት። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄ ሰውዬ ማያሚ ላይ ያን እራት ያበላው እኮ ያን ቀን ተነሳስቶ አይደለም፣ ተሸንፎ ከልጆች ጋር እራት መብላትን ዶርም ውስጥ እየኖረ ለዓመታት የተለማመደው ነገር ነው። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ እሱ እንደዚያ ሲል አልሰማሁም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ በ1988 ብራውን ወደ ስፐርስ ሲሄድ ይዞት ሄደ፣ በ1992 ከሥራ ወጡ፣ ጎልደን ስቴት የሚባል ሌላ ቡድን ውስጥ አሰልጣኙ ዶን ኔልሰን ጋ ሁለት ዓመት ረዳት ሆነ፣ በ1994 በሥራ አስኪያጅነት ወደ ስፐርስ ተመለሰ። በ1996 ቡድኑ 3 አሸንፎ 15 ሲሸነፍ አሰልጣኙን ቦብ ሂልን አባሮ ቦታውን ራሱ ያዘው። ይሄኛው ደስ አይለኝም፣ ዛሬም አልዋጥልህ ብሎኛል። ደጋፊውም ጮኸበት፣ ዓመቱን 20 ለ 62 ነው የጨረሱት። ደንካን በ1997 መጣ፣ ያም ሆኖ በ1999 ውድድሩን 6 ለ 8 ሲጀምሩ ይባረራል እየተባለ ነበር፣ ከዚያ ከ36ቱ 31ዱን አሸንፈው በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰዱ። 1390 የመደበኛ ጨዋታ ድል ይዞ፣ ስትሮክ ከመታው በኋላ፣ በ2025 ከአሰልጣኝነት ሲወርድ ከሱ በላይ ያሸነፈ በኤንቢኤ ታሪክ የለም።

እሁድ ልጁ ቤት ሄድኩ። ትንሽ ኬክ ገዝቼ፣ ምንም ያልተጻፈበት። እናቱ በሩን ሲከፍቱልኝ የወር ክፍያ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸው ደነገጡ፣ ልጁ ከጓዳ ሲያየኝ ደግሞ የሚገባበት ነው የጠፋው። ስለ ፍሪ ስሮው አላነሳሁም። ኬኩን እሱና ታናሽ እህቱ በሉት፣ እኔ ሻይ ጠጣሁ፣ ስንወጣ በሩ ላይ "ይቅርታ፣ ያን ቀን ጥያችሁ መሄድ አልነበረብኝም" አልኩት፣ እሱም አስፋልቱን እያየ "ችግር የለውም ቲቸር" አለኝ። ችግር እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልምምድ መጣ፣ የበፊቱ ዓይነት ግን አልነበረም፣ ፋውል ሲሠራበት ሌላ ሰው ቢመታለት ደስ የሚለው ይመስል ነበር።

አሁን ለፍጻሜም ይሁን ለመጀመሪያ ዙር፣ ገንዘብ ካለ፣ የምንበላበትን ቦታ ከጨዋታው በፊት እይዛለሁ፣ አሸነፍን ተሸነፍን አልሰርዝም። በሚቀጥለው ዓመት በሩብ ፍጻሜ በ19 ነጥብ ተሸነፍን፣ በርገሩን ግን እንደ ጉድ በሉት።

ዓምና ልጁን ቦሌ አገኘሁት፣ አሁን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከኔ በጭንቅላት ይበልጣል። ቆመን ስናወራ ያ ቀን ተነሳ፣ እኔም ስለ ኬኩ ሳቅ እያልኩ ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ።

"አውቃለሁ ቲቸር፣ ስንገባ በመስታወቱ አይተነው ነበር። ቸኮሌት ነበር አይደል?"