የዲፈረንሻል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ስቀይር የሰራሁት ስህተት፣ ከመፍታታችሁ በፊት አንብቡት

አንድ ሰው ቀድሞ "ያቺን ዳዶ እንደሌላው ዳዶ እንዳታያት" ቢለኝ ኖሮ ሙሉ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የማርሽ ክፍል) አላወርድም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

ምልክቱ ከመጀመሪያውም ነበር። መኪናዬ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ሻፍት ዲፈረንሻሉ ጋ የሚታሰርበት ፍላንጅ ዙሪያ አቧራ የጠጣ ጥቁር ቅባት ተጋግሯል፣ ከሱ በላይ ያለው የመኪናው ሆድ ላይ ደግሞ ዘይቱ በመስመር ተረጭቷል። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት፣ የማርሽ ዘይት ሰልፈር ስላለው ሽታው ይከረፋል፣ ከሞተር ዘይት ጋር አይምታታም። ይሄ የፒኞኑ ሲል ነው (ፒኞን የሻፍቱን ዙር ተቀብሎ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚያስገባው ትንሹ ማርሽ ነው)። ጎማው ከውስጥ በኩል ከረጠበ ግን የአክሰሉ ሲል ነውና ለነገ አትበሉ፣ ዘይቱ ታምቡር ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ይጨርሰዋል፣ ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ይሰራል የሚሏችሁንም አትስሙ፣ ቀይሩት።

የመጀመሪያው ስራ ቀላል ነበር። በክሪክ አንስቼ መደገፊያ አስገባሁ፣ የመሙያውን ቡሎን ከማፍሰሻው በፊት ፈታሁ (መሙያው አልፈታም ካለ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ትቀራላችሁ)፣ ዘይቱን አፈሰስኩ፣ ሻፍቱን ምልክት አድርጌ ለየሁት።

ከዛ ያቺ ፍላንጁን ፒኞኑ ላይ የምታስረው ዳዶ መጣች። በረጅም ቁልፍ ፈታኋት፣ ምልክት አላደረግኩም፣ ስንት ዙር እንደዞረችም አልቆጠርኩም። ፍላንጁን አወጣሁ፣ አሮጌውን ሲል ፈንቅዬ ጣልኩ፣ አዲሱን ስፕሪንግ ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አድርጌ ቀስ እያልኩ ዙሪያውን እኩል መትቼ አስገባሁ። ስንት ላስራት ብዬ ሲሉን የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው "እስክትጠብቅ እሰራት በቃ" አለኝ፣ እኔም ሰምቼው በሙሉ ጉልበቴ አሰርኩ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ እሱም እኔም!

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ መኪና ፒኞኑ ላይ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል ስስ የብረት ቱቦ አለች፣ ክራሽ ስሊቭ ይሏታል። ዳዶዋ ስትጠብቅ እሷ ትጨማደዳለች፣ ኩሽኔታዎቹ ላይ የሚያርፈውን ጭነት የምትወስነው እሷ ናት፣ አንዴ ካለፈች ደግሞ ዳዶዋን መልሶ ማላላት አያድናትም። እኔ አሳለፍኳት። በሁለተኛው ቀን ፍጥነት ስጨምር ማፏጨት ጀመረ፣ ቆሜ እጄን ጠጋ ሳደርግ ብረቱ አያስነካም። ሲወርድ የፊተኛው ኩሽኔታ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አንድ ሲል ልቀይር ብዬ ሁለት ኩሽኔታ፣ ስሊቭና ማርሹን እንደገና ማስተካከል መጣብኝ፣ ይሄን ደግሞ በቤት አትሞክሩት።

እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ፦ ሳልፈታ በፊት ጎማዎቹንና ታምቡሮቹን አውርጄ ፒኞኑ ለመዞር ስንት ጉልበት እንደሚፈልግ በትንሽ ቶርክ ቁልፍ መለካት፣ ዳዶው፣ የፒኞኑ ጫፍና ፍላንጁ ላይ በሹል ብረት አንድ መስመር መጫር፣ ዙሩን መቁጠር፣ ስመልስ ምልክቱ ጋ ደርሼ ለክቼ እንደ ድሮው ወይም በጣም ጥቂት አለፍ ሲል ማቆም። የአምራቾቹ መመሪያ ብዙ ጊዜ ዳዶው በተፈታ ቁጥር አዲስ ስሊቭ ይግባ ይላል። ኩሽኔታው ድምፅ ከሌለውና ፒኞኑ ካልተነቃነቀ ግን እኔ በምልክቱ እመልሳለሁ፣ አዲስ ስሊቭ ለመጨማደድ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ሌላ ጣጣ ነው። ፍላንጁንም በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለው አዲስ ሲልም ያፈሳል፣ ወይ ፍላንጁን ቀይሩ ወይ ማጥበቂያ ቀለበት አልብሱት።

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ በሁለት ሳምንቱ እንደገና ረጠበ። ልብ በሉ፣ ሲሉ ምንም አልሆነም፣ አክሰሉ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍናለች፣ ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ ከንፈር ገፍቶ ያወጣዋል። ነቅዬ ስነፋባት ምንም አላሳለፈችም። አጥቤ መለስኳት፣ ዘይቱን እስከ መሙያው ቀዳዳ ታችኛ ጠርዝ ሞላሁ፣ ከዛ ወዲህ ፍላንጁ ደረቅ ነው። ድሮውኑ የመጀመሪያውን ሲል የገፋው እሱ ይሆናል፣ አሁን መኪናው ስር በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማያት እሷን ነው።